ኦቲዝም፣ ጭንቀትና በዓይነ ሕሊና የሚታዩ ምስሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐረር ላይ «ዝም በል፣ ጅብ ይመጣል!» ማለት ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። ጅቡ እውነትም አለ። ማታ ከጁገል ግንብ ውጭ በሰው እጅ ይመገባል፤ ሲመሽም በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ በጠባቦቹ መንገዶች ይዘዋወራል። አብዛኛው ልጅ ዛቻውን ሰምቶ ጥቂት ይፈራና ይረሳዋል። ኦቲዝም (ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት) ያለበት ልጅ ግን የተባለውን ቃል በቃል ሊወስደው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ጅቡ በር ላይ ቆሞ በዓይነ ሕሊናው ይታየዋል፤ ምስሉም ሲመሽ እየጠበቀ ለወራት ሊመላለስ ይችላል። ወላጅ የሚያየው «አልተኛም» ማለቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይነቱ ፍርሃት በሐረርም በድሬዳዋም ደጋግመው የሚነገሩ፣ ግን ልክ ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

«ኦቲዝም ያለበት ልጅ ምናብ የለውም»

አባባሉ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሎርና ዊንግ እና ጁዲት ጉልድ የተባሉ የብሪታኒያ ተመራማሪዎች በኦቲዝም ላይ አብረው ከሚታዩት ሦስት ችግሮች አንዱ የምናብ ችግር እንደሆነ ጻፉ። እነሱ ያተኮሩት ግን እንደ ዕቃቃ ባለው የማስመሰል ጨዋታና ከሰው ጋር በሚደረግ ምናብ ላይ ነበር። በጭንቅላት ውስጥ ምስል ማየት ሌላ ነገር ነው። ዕቃቃ ተጫውታ የማታውቅ ልጅ የጥርስ ሐኪሙን ወንበር፣ የመብራቱን ነጸብራቅና የመሣሪያውን ድምፅ አንድም ሳታጎድል ደግማ ልታያቸው ትችላለች።

«ሁሉም የሚያስቡት በሥዕል ነው»

ይኸኛው ደግሞ በተቃራኒው የተሳሳተ ነው። ኦቲዝም ያላት አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲን ሐሳቧ በምስል እንደሚመጣላት ከተናገረች ወዲህ ብዙ ሰው ሁሉም እንደ እሷ ይመስለዋል። እሷ ራሷ ኋላ ላይ በቃል የሚያስቡም፣ በቁጥርና በቅርጽ የሚያስቡም እንዳሉ አስረድታለች። በዓይነ ሕሊናቸው ምንም ምስል የማይመጣላቸው ሰዎችም አሉ። የብሪታኒያው የነርቭ ሐኪም አዳም ዜማን እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ ሁኔታ «አፋንታዥያ» የሚል ስም ሰጥቶታል።

ስለዚህ ከመገመት መጠየቅ ይሻላል። ልጁ ሲረጋጋ ስለሚወደውና ስለሚያውቀው ነገር ጀምሩ፦ «የቤታችንን በር አስብ። ምን መጣልህ? ሥዕል፣ ቃል፣ ድምፅ ወይስ ምንም?» አራቱን ምርጫዎች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ወይም ስላችሁ በጣቱ ያሳያችሁ። «ምንም» የሚለው ምርጫ የግድ መኖር አለበት፤ ከሌለ ልጁ እናንተን ለማስደሰት አንዱን ይመርጣል። ሥዕል ካለ ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ ቀለምና ድምፅ እንዳለው ጠይቁ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ቢያንስ 10 ሰከንድ ዝም በሉ። ጥያቄውን በሌላ ቃል መድገም አያግዘውም፤ ከዜሮ እንዲጀምር ያደርገዋል።

በጉርምስና ዕድሜ ላሉ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ «በምስሉ ውስጥ ራስህን ከውጭ ታያለህ ወይስ በራስህ ዓይን?» ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ከውጭ፣ ሲንቀጠቀጡና ላብ በላብ ሲሆኑ ነው የሚያዩት። ያ ምስል ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች በእርግጥ ከሚያዩት እጅግ የከፋ ነው።

«ጭንቀቱ የኦቲዝሙ ጠባይ ነው፤ ምንም አይደረግለትም»

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ ልጁ ሊያገኝ የሚችለውን እርዳታ ገና በሩ ላይ ይዘጋበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት የደመረ ትንተና እንዳሳየው ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችና ታዳጊዎች 40 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የጭንቀት ሕመም መስፈርት ያሟላሉ። ከሁሉም የበዛው እንደ ውሻ፣ መርፌ ወይም ነጎድጓድ ያለ የአንድ ነገር ፍርሃት ሲሆን ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ከመቶ ስድሳው ግን የላቸውም። ጭንቀት ከኦቲዝም ጋር የሚደረብ፣ ለብቻው ሊታከም የሚችል ነገር ነው።

እንዴት ይለያል? የኦቲዝም ጠባይ ከሕፃንነት ጀምሮ የነበረ ነው፤ ጭንቀት ግን መነሻ ጊዜ አለው። ጠርሙስ መደርደር ሁልጊዜ ደስ የሚለው ልጅ ስለደረደረ ተጨንቋል አይባልም። እስከ ሐምሌ ባጃጅ ላይ እየሳቀ ሲወጣ የነበረ ልጅ ከመስከረም ወዲህ አልሳፈርም ካለ ግን አንድ ነገር ተፈጥሯል። ትምህርት ባለበት ጠዋት ብቻ የሚመጣ የሆድ ቁርጠት፣ የእንቅልፍ መቀነስ፣ ይወዳቸው የነበሩ ነገሮችን መተው፣ «ዛሬ መብራት ይጠፋል?» እያለ መልሱን እያወቀ ሃያ ጊዜ መጠየቅ ምልክቶች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን የሰውነት ሕመም አለመሆኑን አረጋግጡ። በተለይ የማይናገር ልጅ ላይ የጥርስ፣ የጆሮና የሆድ ድርቀት ሕመም ጭንቀት መስሎ ይታያል።

«ካልተናገረ አልፈራም ማለት ነው»

ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የራሳቸውን ስሜት ለይተው መሰየም ይቸግራቸዋል። «ምን ተሰማህ?» ለእነሱ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። ስለ አካል ጠይቁ፦ ልብህ ቶሎ ይመታል? እጅህ ላብ አለው? ሆድህ? ከ0 (ምንም አልፈራም) እስከ 10 (እጅግ እፈራለሁ) የተጻፈበት መሰላል ወረቀት ላይ ሣሉና በጣቱ ያሳይ። ድሬዳዋ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የቀትሩ ሙቀት ራሱ ልብን ያስመታል፣ ላብ ያመጣል፤ ልጁ ይህን ከፍርሃት ላይለየው ይችላል። መጀመሪያ ጥላና ውኃ ስጡት፣ ከዚያ ጠይቁት።

«ነገሩን አታንሱበት፣ ይረሳዋል»

አይረሳውም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ተሳታፊዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ሲላቸው ድቡ ደጋግሞ መጣባቸው፤ ክልከላው ሲነሳ ደግሞ ከሌሎቹ የበለጠ አሰቡት። «ስለ ጅቡ አታስብ» ማለትም ከዚህ አይለይም። ማባበያውም ብዙ አያስኬድም፤ ምስል ከቃል ይልቅ ስሜትን የመቀስቀስ ኃይሉ ከፍ ያለ ነው። በምስል የመጣ ፍርሃት በ«አይዞህ» ብቻ የማይለቀው ለዚህ ነው።

ምስሉን ወረቀት ላይ ማውጣት ይቻላል። ሰዓቱ ቀን መሆን አለበት፤ ብዙዎች የሚያበላሹት ልጁ ሊተኛ ሲል በመጀመራቸው ነው። ወረቀት፣ እርሳስና 15 ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ የሚታየውን ይሳል፤ መሳል ካልወደደ እሱ እየነገራችሁ እናንተ ሣሉ። አትሳቁ፣ ከራሳችሁም አትጨምሩ። ጥርሱን እሱ ካልሣለው እናንተ አትሣሉት። ቀጥሎ «ከዚህ በኋላስ ምን ይሆናል?» በሉት። የሚያስፈራ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ክፉው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ጅቡ በር ላይ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ታሪኩን እስከ ንጋት በተከታታይ ሥዕሎች ቀጥሉት፦ በሩ መቀርቀሪያ አለው፣ ጅቡ አጥንት አግኝቶ ይበላል፣ ሊነጋ ሲል በግንቡ ቀዳዳ ይወጣል፣ ልጁ ቁርስ ይበላል።

ከዚያ ምስሉን ራሱ ይለውጠው። ጅቡ ድመት ያክል ይነስ? ድምፁ ይቀንስ? ኮፍያ ይድረግ? ሐሳቡ የልጁ መሆን አለበት፤ አዋቂ የፈጠረው ቀልድ አይሠራም። «ይህ ውሸት ነው፣ ጅብ ኮፍያ አያደርግም» ብሎ የሚቆጣ ልጅም ያጋጥማል። እውነት አለው። እንዲህ ላለው ልጅ መለዋወጡን ትታችሁ እውነተኛ መረጃ ስጡት፦ ጅቡ የት ይበላል፣ ማን ያበላዋል፣ ስንት ሰዓት ይሄዳል። አዲሱን ምስል ለአንድ ሁለት ሳምንት በየቀኑ 5 ደቂቃ ቀን ላይ ይለማመደው፤ ሌሊት እንዲጠቀምበት የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ የማይደረግበት ቦታ አለ። ምስሉ በእርግጥ የደረሰበት ነገር ከሆነ፣ ማለትም ድብደባ፣ ጾታዊ ጥቃት ወይም የሰው ሞት፣ ቤት ውስጥ አትነካኩት፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያዘው። ምስል ለማይመጣለት ልጅም መሳሉ ትርፍ የለውም፤ «ምን ይሆናል፣ ምን አደርጋለሁ» የሚል አጭር የጽሑፍ ዝርዝር ይሻለዋል።

«በግድ አስገቡት፣ ይለምደዋል»

በግድ የተጎተተ ልጅ የሚማረው ወላጁ እንደማይታመን ነው። ጨርሶ ማስቀረት ደግሞ ፍርሃቱን ያሰፋዋል፤ ዛሬ የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ፣ ነገ ጎዳናው፣ ከነገ ወዲያ የቤቱ በር። መሃሉ መንገድ በደረጃ መሄድ ነው።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ፍርሃቱ ይሁን ድምፁ ለዩ። ለድምፅ የሚሳሳን ጆሮ በግድ ማላመድ አያዋጣም፤ ጩኸት በሚበዛበት ቦታ የጆሮ መከላከያ አድርጉለት። ከዚያ ቀፊራን ከሆነ የሚፈራው፦ ቤት ውስጥ ፎቶ ማየት፤ ድምፁ የተቀነሰ አጭር ቪዲዮ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሳይሞቅና ሳይጨናነቅ፣ ገበያው ዳር 2 ደቂቃ መቆም፤ ቀጥሎ ከአንድ ሻጭ ሎሚ መግዛት። በመሰላሉ ላይ 3 ወይም 4 ብሎ ከሰጠው ጀምሩ። ቁጥሩ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ስንት ደቂቃ እንደምትቆዩና እንዴት እንደምትመለሱ ከመነሳታችሁ በፊት ይወቅ፤ ያሉትን ደቂቃ በድብቅ ማስረዘም የሳምንታትን ሥራ ያፈርሳል።

«ሥዕል ካሳየነው መናገር ይተዋል»

አይተውም። በሥዕል መግባባት ንግግርን እንደማያዘገይ፣ አንዳንዴም እንደሚያግዝ ጥናቶች አሳይተዋል። የቀኑን ውሎ በአምስት ስድስት ሥዕሎች ግድግዳ ላይ መለጠፍ ደግሞ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን» የሚለውን ጭንቀት ይቀንሳል።

«የማይታይ ነገር ያያል፤ ጂን ነው» ወይም «አብዷል»

«ድምፅ ትሰማለህ?» ሲባል «አዎ» የሚል ልጅ የራሳችሁን ድምፅ ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ጅቡ ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ጭንቅላትህ ውስጥ? እኔም ማየት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጭንቅላቱ ውስጥ መሆኑን ካወቀ ምስል ነው። ከውጭ ነው ብሎ ከጸና፣ ወይም ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና፣ ድሬዳዋ ከሆናችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል ሄዳችሁ ስለ አእምሮ ጤና አገልግሎት ጠይቁ። ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ፈዝዞ የሚቀርን ልጅ በስሙ ጥሩት፣ ትከሻውንም ንኩት። ምንም ካልመለሰና ይህ ከተደጋገመ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌላው ይበልጥ ይታያል። ጸበል የሚወስድም ቁርኣን የሚያስቀራም ቤተሰብ ይህን ከሕክምና ጋር ማስኬድ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን አይቋረጥ፣ ልጁም አይታሰር። ቀዝቃዛ ውኃ እንደሚፈስበት ወይም ብዙ ሰው እንደሚኖር አስቀድሞ ይነገረው።

«ጫት ያረጋጋዋል»

በጉርምስና ያሉት ከእኩዮቻቸው ጋር ለመቀመጥ ሲሉ ይጀምሩታል፤ አንዳንድ ቤተሰብም ሲያወራ ስላየው ደስ ይለዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ለተጨነቀ ልጅ ሁለቱም ነዳጅ ናቸው። የለመደ ሲያቆም ደግሞ ዱካክ ይመጣል፤ ቁልጭ ያሉ አስፈሪ ሕልሞች ለጥቂት ሌሊቶች ሊመላለሱ ይችላሉ። ይህን ከማቆሙ በፊት ንገሩት፤ ሕልሙ ምን እንደሆነና እንደሚያልፍ ካላወቀ ፍርሃቱን ለማጥፋት ወደ ጫቱ ይመለሳል።