ስለ ጠፈር መርከብ ፊልም ያስለመደን የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ወደ ሌላ ኮከብ ሚጓዙት የፊልምና የጌም ግዙፍ መርከቦች በጣም ነው ሚመቹኝ፣ ግን ዲዛይን ያደረጋቸው ሰው ብዙ ጊዜ ባህር ላይ ያለ የጦር መርከብ አንስቶ ክንፍና ሰማያዊ መብራት ጨምሮበት ነው የለቀቀው። እሱስ ይሁን፣ ችግሩ ሰዉ እነሱን አይቶ ስፔስ እንደዛ ነው ብሎ መያዙ ነው። በብዛት ሚነሱትን እንያቸው (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

"ሞተሩ ከጠፋ ስፔስ ብርድ ስለሆነ ወዲያው ደርቀው ይቀራሉ"

ይሄኛው ነው በጣም ሚያበሽቀኝ። ሙቀት ከመርከቧ ወጥቶ እንዲሄድ አየር ወይ ውሃ ወይ የሆነ ሚነካው ነገር ይፈልጋል፣ ውጪ ደሞ ምንም የለም። ፔርሙዝ ሻይ ትኩስ አድርጎ ሚያቆየው በሁለቱ ግድግዳ መሀል ያለው አየር ስለተመጠጠ ነው አይደል፣ መርከቧ እንግዲህ በሁሉም በኩል በእንደዛ አይነት ባዶ ተከባለች። ሙቀቱ መውጣት ሚችለው በጨረር መልክ ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ ዘገምተኛ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ራሱ ወደ 100 ዋት ይለቃል፣ ስለዚ 1000 ሰው የጫነች መርከብ ከሰዉ ገላ ብቻ 100 ኪሎዋት ሙቀት የሆነ ቦታ መጣል አለባት፣ ኮምፒውተሩ ፓምፑ ሞተሩ ገና አልተቆጠረም። ከምድር በላይ ሚዞረው አለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሙቀቱን ሚሸከመው አሞንያ ሚዘዋወርባቸው ትላልቅ ነጫጭ ራዲያተሮች ተዘርግተው ምታዩት ለዚህ ነው። ትክክለኛ የኮከብ መርከብ ቢሰራ ከሩቅ መጀመሪያ ሚታየው ራዲያተሩ ይሆናል፣ ፊልም ላይ ግን አንድም የለም፣ የት እንደሚጥሉት እግዜር ይወቅ። ወደ ጨረቃ የተላከችው አፖሎ 13 ላይ የነበሩት ሰዎች በ1970 በርዷቸው ነበር፣ እውነት ነው፣ እሱ ግን ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ እቃውን ሁሉ አጥፍተው ለቀናት ስለቆዩ ነው፣ ወዲያው የመጣ ብርድ አይደለም።

"ስፔስ ላይ ግራቪቲ (ስበት) የለም፣ መርከቧ ላይ ግን ማሽን አለ"

መጀመሪያ ነገር ጣቢያው ያለበት 400 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ግራቪቲው መሬት ላይ ካለው 90 ፐርሰንት ገደማ ነው። ሰዎቹ ሚንሳፈፉት ከጣቢያው ጋር አብረው ሁሌም እየወደቁ ስለሆነ ነው። ወለል ውስጥ ሚቀበር የግራቪቲ ማሽን ደሞ ማንም እንዴት እንደሚሰራ አያውቅም፣ ያሉት አማራጮች ሁለት ናቸው።

አንደኛው መርከቧን እንደ ጎማ ማሽከርከር ነው፣ የውጪኛው ግድግዳ ወለል ይሆንልሃል። በደቂቃ 2 ጊዜ እየዞርክ የመሬትን ያህል ክብደት እንዲሰማህ ከመሀሉ እስከ ወለሉ 224 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። 10 ሜትር ብቻ ብታደርገው በደቂቃ ከ9 ጊዜ በላይ መዞር ሊኖርብህ ነው፣ ያኔ ቆመህ ጭንቅላትህ ላይ ያለው ክብደት እግርህ ጋር ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል፣ አንገትህን ዞር ባደረግክ ቁጥር ደሞ ያጥወለውልሃል፣ የወረወርከው ኳስም ወዳሰብከው አይሄድም። ፊልም ላይ ያቺ ትንሽዬ ቆንጆ ቀለበት ውስጥ ሚሮጡት ሰዎች በእውነቱ ቢሆን እያስመለሱ ነበር ሚሮጡት።

ሁለተኛው ሞተሩ ሳያቋርጥ እንዲገፋ ማድረግ ነው፣ እዚ ጋ ነው ዲዛይኑ ሙሉ በሙሉ ሚቀየረው። ሞተሩ ሚገፋበት አቅጣጫ "ላይ" ይሆናል፣ ሞተሩ ያለበት ደሞ "ታች"፣ ስለዚ ወለሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረቡ ወደ አፍንጫው ይወጣሉ። መርከብ ሳይሆን ፎቅ ነው ምትሰራው፣ ከመሪው ክፍል ወደ ሞተሩ በሊፍት ነው ምትወርደው፣ ረጅም ኮሪደር ምናምን ሚባል ነገር የለም። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም ይንሳፈፋል፣ ያላሰርከው ኩባያ ጭምር።

ሞተር ካነሳን፣ ሁሌ ከኋላ እሳት እየተፉ መሄድ ግዴታ አይደለም። ቮዬጀር 1 ምትባለው ሰው አልባ መንኮራኩር በ1977 ተነስታ አሁን ድረስ ያለምንም ግፊት በሰከንድ 17 ኪሎሜትር እየሄደች ነው። ያም ሆኖ በዛ ፍጥነት ከፀሀይ ቀጥሎ በጣም ቅርብ ወደሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ፣ ለመድረስ 75 ሺህ አመት ገደማ ይፈጃል። ሰዉ ሚረሳው ደሞ ማቆሙን ነው፤ ፍሬን የለም፣ ሳትደርስ በፊት ዞረህ ሞተሩን ወደፊት አድርገህ ያገኘኸውን ፍጥነት በሙሉ ነዳጅ እያቃጠልክ መልሰህ መቀነስ አለብህ። እንግሊዞች ከ1973 እስከ 1978 ወረቀት ላይ የሰሩት ዳይዳለስ የተባለ ሰው አልባ መርከብ ነበር፣ 54 ሺህ ቶን ሆኖ 50 ሺው ነዳጅ ነው፣ እሱም ሳይቆም ኮከቡን አልፎ ሚሄድ እንጂ ሚቆም አይደለም።

የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ በድንጋይ መሀል እየተሹለከለኩ መብረርስ? ውሸት ነው፣ በመሀላቸው ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ነው፣ ፓዮኒር 10 ምትባል ሰው አልባ መንኮራኩር በ1972 ገብታ በ1973 በሰላም ወጥታለች። ሚያሰጋው ብናኝ ነው። በብርሃን ፍጥነት 10 ፐርሰንት እየሄድክ 1 ግራም ነገር ብትመታ የ100 ቶን ቲኤንቲ ፍንዳታ ነው ሚሆነው፣ ለዛ ነው ዳይዳለስ ፊቱ ላይ የቤሪሊየም ጋሻ የተደረገለት። ስለዚ ቀጭንና ረጅም ቅርፅ ጥሩ ነው፣ ግን ለአየሩ ብሎ አይደለም፣ አየር የለም።

"አትክልት ከተከሉ ኦክስጅን አያስፈልጋቸውም"

ይሄን ሰው በተግባር ሞክሮታል። በ1991 አሪዞና ውስጥ 8 ሰዎች ባዮስፊር 2 ሚባል የታሸገ የመስታወት ግቢ ውስጥ ከነደኑ ከነእርሻው ገቡ። ኦክስጅኑ ከ20.9 ወደ 14.5 ፐርሰንት ገደማ ወረደ፣ በ1993 መጀመሪያ ላይ ከውጪ ካልተጨመረላቸው አስጊ ነበር። አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን በልተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያወጡ እሱን ደሞ የህንፃው ኮንክሪት ይመጠው ነበር፣ ማን ኮንክሪት ይጠረጥራል! አሁን የጠፈር ጣቢያው ላይ ኦክስጅን በዋናነት ሚመጣው ውሃን በኤሌክትሪክ ከመሰንጠቅ ነው፣ ውሃው ደሞ ሽንትና ላብ ሳይቀር ተጣርቶ ተመልሶ ሚጠጣ ነው፣ በ2023 መልሶ መጠቀሙ 98 ፐርሰንት ደርሷል።

ፊልም ላይ ኮሪደሩ ፀጥ ያለ ነው፣ እውነቱ ግን ማራገቢያው ቀን ከሌት ይጮሃል። ክብደት በሌለበት ሞቃት አየር ወደ ላይ አይወጣም፣ ስለዚ ማራገቢያ ባይኖር የተኛ ሰው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊቱ ዙሪያ ይጠራቀምና ራስ ምታት ይዞት ይነቃል። የውስጥ እግር ቆዳ ይለሰልሳል፣ የእግር ጀርባ ደሞ ራስን ለመያዝ ብረት ውስጥ ሲሸጎጥ እየዋለ ይደድራል። በቀን 2 ሰአት ገደማ ስፖርት ግዴታ ነው፣ ያለዛ አጥንት ይሳሳል።

ያለ ጠፈር ልብስ ውጪ የወጣ ሰው ይፈነዳል ሚባለውም ልክ አይደለም። በ1966 ናሳ ውስጥ ሙከራ ላይ የነበረ ቴክኒሻን አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ እያለ የጠፈር ልብሱ ቱቦ ተነቅሎበት ነበር፣ 14 ሰከንድ አካባቢ ላይ ራሱን ሳተ፣ ምራቁ ምላሱ ላይ ሲፈላ ነው መጨረሻ ሚያስታውሰው፣ አየር ሲለቁለት ነቃ፣ ደህናም ሆነ።

ሌላው ካፒቴኑ ከዋና መስሪያ ቤት ጋር ስክሪን ላይ ፊት ለፊት ሚከራከርበት ነገር ነው። ማርስ ላይ ሆነህ እንኳ መልእክትህ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ፕሮክሲማ ጋ ከሆንክ "ምን እናድርግ" ብለህ ጠይቀህ መልሱ ሚመጣው ከ8 አመት ተኩል በኋላ ነው። እዛ መርከብ ላይ ሀኪሙም ዳኛውም ጥገናውም እዛው ያለው ሰው ነው፣ ዋና መስሪያ ቤት ሚልከው ትእዛዝ ሲደርስ ጠያቂው ጡረታ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።