ሚጥሚጣ ጣዕም የለውም እንዴ? ስለ ስሜት ሕዋሳትና ስለ አንጎል የሚነገሩ ስህተቶች

«የምላስ ጫፍ ጣፋጭን፣ ጀርባው መራራን ይለያል»

ይህችን የምላስ ካርታ በትምህርት ቤት ያላያት ጥቂት ነው። ስህተት ናት። እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመናዊው ዳቪድ ሄኒግ ባሳተመው ጥናት ያገኘው በምላስ ክፍሎች መካከል ትንሽ ልዩነት ብቻ ነበር። በ1942 አሜሪካዊው ኤድዊን ቦሪንግ ያንኑ ውጤት በግራፍ ሲያቀርበው ልዩነቱ ተጋኖ ታየ። ካርታዋም በዚያው ጸናች። ጣዕም ለይ ሕዋሳት ባሉበት የምላስ ክፍል ሁሉ ጣፋጩም፣ ጨዉም፣ ኮምጣጣውም፣ መራራውም ይታወቃል። እሬት በምላሱ ጫፍ የነካ ሰው ይህን ለማመን ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።

«ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ጣዕሙ ነው»

ማቃጠሉ ጣዕም አይደለም፤ ሕመም ነው። ቃሪያና በርበሬ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባል ኬሚካል አለ። በነርቮቻችን ጫፍ ላይ ደግሞ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሙቀት ሲያገኘው የሚከፈት ተቀባይ አለ። ካፕሳይሲን ሙቀት ሳይኖር ያንኑ ተቀባይ ይከፍተዋል። አንጎል ምን ያድርግ? የደረሰው መልእክት «እሳት ነው» የሚል ነው። ላብ ያመጣል፣ አፍንጫ ያዝረበርባል። ይህን ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረገው የአሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ነው፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ማስረጃ ከተፈለገ ወጥ ቤት አለ። ቃሪያ ሲሰነጥቅ ቆይቶ ዓይኑን ያሸ ሰው እንዴት እንደሚንገበገብ ይታወቃል። ዓይን ደግሞ ጣዕም አይለይም።

«ሲያቃጥል ውሃ መጠጣት ነው»

ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ውሃው ለአፍታ ያቀዘቅዝና ማቃጠሉ ይመለሳል። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ ይሻላሉ፤ የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ያነሳዋል። ክትፎ አጠገብ አይብ ማስቀመጥ የጀመረው ሰው ኬሚስትሪ ባይማርም ነገሩ ገብቶታል።

«ምግብ የሚጥመን በምላስ ነው»

በከፊል። ጉንፋን ሲይዘን ምግብ አልጥም ይለናል። የተዘጋው ግን አፍንጫችን ነው። ስናኝክ የምግቡ ሽታ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ አንጎል ይህን ሽታና ምላስ የለየውን ቀላቅሎ «ጣዕም» ይለዋል።

«ከአንጎላችን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው»

ተረት ነው። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከሰውነት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ለሥራ ፈት እንዲህ ያለ ቀለብ አይሰፈርም።

«ዓይን ፊቱ ያለውን ሁሉ ያያል»

አሁኑኑ ሞክሩት። ሁለት እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ አውራ ጣቶቻችሁን ጎን ለጎን አቁሙ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በቀኙ ዓይን የግራውን አውራ ጣት ብቻ እያያችሁ፣ ቀኙን ጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ አርቁት። ስንዝር ሳይሞላ ጫፉ እልም ይላል። የጣቱ ምስል ያን ጊዜ በዓይናችሁ ውስጥ የሚያርፈው የዓይን ነርቭ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ የለም። ደግሞ ጥቁር ቀዳዳ አታዩም፤ አንጎል ቦታውን ከኋላ ባለው ግድግዳ ቀለም ይሞላዋል። ሁለቱም ዓይን ሲከፈት አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን በዘወትር ኑሯችን ልብ አንለውም።