ሜይናርድ ስሚዝ፣ አስቸጋሪው ተሸላሚ

ሜይናርድ ስሚዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተኳሽ ነበር። በ1911 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሚሺጋን ውስጥ ካሮ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዳኛ ነበሩ፣ ልጁ ግን ሕግ የሚያከብር ዓይነት አልነበረም። ጦሩን የተቀላቀለውም በፍላጎቱ አይደለም፤ ለልጁ ቀለብ አልከፍል ብሎ ፍርድ ቤት ሲቀርብ እስር ቤት ወይ ውትድርና ምረጥ ተባለ።

እንግሊዝ አገር ተርሌይ ወደሚገኘው 306ኛው የቦምብ ጣይ ቡድን ተመደበ። እዚያም ነገረኛና ግትር ስለነበር አብሮት መብረር የሚፈልግ ጠፋ። ስናፊ የሚል ቅጽል ስምም ነበረው።

የመጀመሪያ በረራው ሜይ 1 ቀን 1943 ሆነ። ኢላማው ፈረንሳይ ውስጥ ሴንት ናዜር የሚገኘው የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ጣቢያ ነው። ቦምቡን ጥለው ሲመለሱ መንገድ ተሳሳቱና እንግሊዝ ደረስን ብለው ዝቅ ሲሉ ለካ ያሉት በጀርመኖች የተያዘችው የፈረንሳይ ከተማ ብሬስት አናት ላይ ነው! ቢ-17 አውሮፕላናቸው ተመታ፣ መሀሉ በእሳት ተያያዘ። ሦስት ባልደረቦቹ በፓራሹት ወደ ባሕሩ ዘለሉ፣ በዚያው ቀሩ።

ስሚዝ ከአውሮፕላኑ ሆድ ስር ካለው መተኮሻው ወጥቶ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከእሳቱ ጋር ተናነቀ። እሳት ያጠፋል፣ ጀርመኖች ሲጠጉ መትረየስ ይዞ ይተኩሳል፣ ደግሞ ሄዶ የቆሰለውን የጭራ ተኳሽ ያክማል፣ ሊፈነዳ የደረሰውን የጥይት ሳጥን እሳቱ በከፈተው ቀዳዳ እያነሳ ወደ ውጭ ይወረውራል። ማጥፊያው ሲያልቅበት በሽንቱ ሳይቀር ሞከረ። አውሮፕላኑ እንደምንም እንግሊዝ ውስጥ ኮርንዎል ደርሶ አረፈ፣ እንዳረፈም ለሁለት ተሰበረ። የጭራ ተኳሹ ተርፏል።

የአሜሪካ ትልቁ ወታደራዊ ሽልማት፣ የክብር ሜዳልያ፣ ተፈቀደለት። በሐምሌ ወር የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ራሳቸው ሜዳልያውን ሊያጠልቁለት ተርሌይ ድረስ መጡ። ሰልፉ፣ ማርሹ፣ ጄኔራሎቹ ሁሉ ተዘጋጅተዋል፤ ተሸላሚው ግን የለም። ሲፈለግ የተገኘው ወጥ ቤት ነው፤ ከበረራ በፊት ለሚደረግ ገለጻ አርፍዶ ስለነበር ተቀጥቶ እያጸዳ! ለእኔ ሰውየውን ከሜዳልያው ይልቅ የሚገልጸው ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ብቻ በረረ። ሐኪሞች የጦርነት ድካም አለበት ብለው ከበረራ አገዱት፣ ቢሮ ገባ። ቢሮውም አልሆነለትም፤ ከሳጅንነት ወደ ተራ ወታደርነት ዝቅ ተደረገ። ሜዳልያውን ግን የነካበት የለም፤ በ1984 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲሞት በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበረ።