ማሟሸት፦ ሽፋን በሌለው ምጣድና መጥበሻ ማብሰል

ሽፋን የሌለው መጥበሻ የሚባለው ፊቱ በቴፍሎንም ሆነ በሌላ የፋብሪካ ቅብ ያልተሸፈነ፣ ምግቡ ከሸክላው ወይም ከብረቱ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት ዕቃ ነው። የሸክላ ምጣድ፣ ቡናና ቆሎ የሚቆላበት ብረት ምጣድ፣ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ከባድ ብረት)፣ የማይዝግ ብረት መጥበሻ ሁሉም እዚህ ይመደባሉ። ቴፍሎን አሜሪካ ውስጥ የተገኘው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ መጥበሻ ላይ የዋለው ደግሞ በ1950ዎቹ፣ ፈረንሳይ ውስጥ። እንጀራ ግን ከዚያ ከብዙ ዘመን በፊት ከምጣድ ላይ ሳይጣበቅ ይነሣ ነበር። ቀጭንና ውሃ የበዛበት ሊጥ በሰፊ ሸክላ ላይ ፈስሶ፣ ሳይገለበጥና ሳይቀደድ በሰፌድ መውጣቱ ለማንኛውም መጥበሻ ከባድ ፈተና ነው።

ምጣዱን ለዚህ የሚያበቃው ማሟሸት ነው። አዲስ ምጣድ ቀዳዳው በዓይን የማይታይ፣ ሊጥ የሚመጥ ሸክላ ነው። እሳት ላይ ተጥዶ ቀስ እያለ ከጋለ በኋላ የተፈጨ ወይም የተወቀጠ ጎመን ዘር ይበተንበትና በጨርቅ ይታሻል። ቅባቱ ወደ ሸክላው ይሰርጋል፣ ይጨሳል፣ ይጠቁራል። ይህ ደጋግሞ ሲሠራ ፊቱ ጥቁርና አንጸባራቂ ይሆናል። በውስጡ የሚካሄደው ቀላል ኬሚስትሪ ነው፦ የዘይቱ ሞለኪውሎች በሙቀትና በአየር እርስ በርስ ተያይዘው ይጠነክራሉ፤ ያ ጥቁር ፊት ከእንግዲህ በእጅ የሚጠረግ ቅባት አይደለም። ከዚያ በኋላ በየጋገራው ምጣዱ በማሰሻ ይታሰሳል። ያም ሆኖ መጀመሪያ የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ አያምርም፤ ለሙከራ ቀድሞ የሚቀርብ ሰው «የምጣድ ማሟሻ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። የተሟሸ ምጣድ በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ምጣዷን ለዓመታት የያዘች ሴት ለሌላ ሰው ለማዋስ ብታመነታ አይፈረድባትም፤ ያ ፊት የተሠራው በእሷ እጅ ነው።

ብረትም የሚሟሸው በዚሁ መንገድ ነው። መጥበሻው ታጥቦ እሳት ላይ ይደርቃል፣ ዘይት በስሱ ይቀባል፣ ከዚያ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ለማስወገድ የተፈለገ ይመስል በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጭሱ እስኪያበቃ ይግላል። ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘይት በማብዛት ነው፦ የበዛው ዘይት ሳይጠነክር ይቀርና እንደ ሙጫ ይይዛል። የተልባ ዘይት ጠንካራ ፊት ያወጣል፣ ግን አንዳንድ ጊዜ ይላላጣል። ቲማቲምና ሎሚ ረዥም ሰዓት ሲበስሉበት የተሟሸውን ፊት ይበሉታል፣ ብረትም ወደ ምግቡ ይገባል። የዛገ ብረት ምጣድ አይጣልም፤ ዝገቱ ተፍቆ እንደገና ይሟሻል። ሽፋኑ የተላጠ መጥበሻ ግን ቤት ውስጥ የሚመለስበት መንገድ የለም። ቴፍሎን ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መጋል የለበትም፣ ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ መጥበሻ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

የማይዝግ ብረት በሙቀት አያያዝ ይገዛል። በመጀመሪያ ባዶውን ይጋልና የውሃ ጠብታ ይጣልበታል። ጠብታው ፍስስ ብሎ ከደረቀ ገና ነው፤ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ደርሷል። ጠብታው ከሥሩ በራሱ እንፋሎት ተንሳፍፎ ነው የሚንከባለለው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ላይደንፍሮስት ይህን በ1756 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የጥብስ ሥጋ መጀመሪያ ይይዛል፣ ሲጠበስ ራሱ ይለቃል፤ ሳይለቅ መፋቅ ነው የሚያበላሸው። ሥጋው በአንድ ጊዜ ከበዛም ውሃ ያወጣና ይቀቀላል።

ለቁሌት ደግሞ መያዙ ራሱ ይፈለጋል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ ድስቱ ሥር ቡናማ ነገር ይይዛል፤ ጠብ ጠብ በምትል ሙቅ ውሃ እየተነሣ ወደ ሽንኩርቱ ይመለሳል። የወጡ ቀለምና ጣዕም ትልቁ ክፍል ከዚያ የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ የማያስይዝ ድስት ላይ ቁሌት መሥራት አልመክርም።

አሜሪካ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ የሚጋግሩት ኖርዌያውያን ለፍሰ የሚባለውን የድንች ቂጣ በሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ስፋቱ 16 ኢንች፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በአሉሚኒየም ፊቱም፣ ሽፋን ተቀብቶም ይሸጣል። በኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል ዕቃውን ራሱን በሚያግለው የኤሌክትሪክ ምድጃ) ለሚያበስል ሰው ግን የሸክላ ምጣድ አይግልለትም፤ ምድጃው ማግኔት የሚስበው ብረት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ካስት አይረን አሟሽቶ መያዝ ይሻለዋል።