የፖይንሴቲያ ቀዩ ነገር አበባ አይደለም

ኅዳር ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ከአጥር በላይ ቀልቶ ብቅ የሚለው ቁጥቋጦ ፖይንሴቲያ ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ አለ። ስለሱ የሚወራው ግን ግማሹ ስህተት ነው።

«አበባው ሲያምር!» ቀዩ ቅጠል ነው። አንዱን ቀንጥሳችሁ እዩት፤ እንደ አረንጓዴዎቹ መሃሉ ላይ የደም ሥር የመሰለ መስመር አለው። እውነተኛው አበባ መሃል ላይ የተሰበሰቡት፣ ከሽምብራ የማይበልጡት ቢጫ ነገሮች ናቸው። ማንም አያያቸውም።

«እንዲቀላ ፍግ ጨምሩበት።» እኔም ሁለት ዓመት ስከምርበት ከረምኩ። የጓሮው ጎን ፍም መሰለ፣ የበሩ ጎን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ለካ የበሩ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል! ይህ ተክል ቅጠሉ የሚቀላው ያልተቋረጠ ጨለማ ሲያገኝ ነው፤ በየሌሊቱ ከ12 ሰዓት ያላነሰ፣ ለሁለት ወር ገደማ። እኛ ጋ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሌሊቱ ስለሚረዝም ሥራውን ተፈጥሮ ይሠራዋል፤ መብራት ካላበላሸው። አምፖሉን ማጥፋት ጀመርኩ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሁለቱም ጎን ቀላ።

«መርዝ ነው፣ ልጅ ይገድላል።» ወሬው የመጣው በ1919 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ አንድ ሕፃን ቅጠሉን በልቶ ሞተ ከተባለ ወዲህ ነው። ነገሩ ግን አልተረጋገጠም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ለመርዝ መረጃ ማዕከላት የተነገሩ 22,793 አጋጣሚዎችን አይቶ አንድም ሞት አላገኘም። ሰላጣ አድርጉት ማለቴ አይደለም፤ ወተቱ ቆዳ ያሳክካል፣ የበላው ሊያስመልሰው ይችላል። ስሙን ያጠፉት ዘመዶቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቁልቋልና ቅንጭብ የሱ ወገን ናቸው፤ የቁልቋል ወተት ደግሞ ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ የለውም።

«ከገና በኋላ ይሞታል።» ይህ በቫዞ ገዝቶ ውሃ ያበዛበት ሰው ወሬ ነው። ውሃ ሲበዛ ሥሩ ይበሰብሳል። በትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ከ3 ሜትር በላይ የሚያድግ፣ ዓመት ከዓመት የሚኖር ተክል ነው። መጋቢት ላይ ቀለሙ ሲረግፍ እስከ ጉልበት ድረስ ግረዙት፤ እንደ አዲስ ያቆጠቁጣል። ጓንት አድርጉ። የተቆረጠውን ወተቱ እስኪቆም ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ አፈር ላይ ብትሰኩት ይጸድቃል።

ጎረቤቴ ዘንድሮ ሁለት ቅርንጫፍ ወስዳለች። አንዱን የተከለችው መንገድ መብራት ሥር ነው። ነግሬያታለሁ።