የካንዴሌታ ፊውዝ ተቃጠለ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ቲክቶክ ላይ ወጥቶ «ናፍጣ መኪናችሁ ጠዋት አልነሳ ካለ የካንዴሌታውን ፊውዝ እዩ፤ ተቃጥሎ ካገኛችሁት ካንዴሌታው ሞቷል ማለት ነው፤ ካንዴሌታውን ቀይሩና ፊውዙን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ክተቱ» ይላል። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት። እሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ይሄ ወሬ ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረ ሰዎች ሶማሌ ተራ ሄደው ደህናውን ካንዴሌታ በአዲስ እየቀየሩ ነው፣ በሳምንቱ ፊውዙ ተመልሶ ይቃጠላል፣ ከዚያ «ኦሪጅናል አይደለም» ተብሎ ዕቃ ሻጩ ይሰደባል።

ካንዴሌታ ማለት ናፍጣ ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሳ ውስጡን የሚያሞቅ፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ዘንግ ነው፤ ለዛሬ ይሄ ይበቃል።

ተበጥሶ የሞተ ካንዴሌታ ፊውዝ አያቃጥልም። ካንዴሌታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ውስጡ ያለው የማሞቂያ ሽቦ ተበጥሶ ነው። የተበጠሰ ሽቦ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። አራት ካንዴሌታ ካላችሁና አንዱ ከተበጠሰ፣ የሚጎትቱት ከረንት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይቀንሳል! ፊውዝ የሚቃጠለው ደግሞ ሲበዛበት ነው። ሦስቱ ሞተው አንዱ ብቻ የቀረ መኪና ላይ ፊውዙ ከመቼውም በላይ እፎይ ብሎ ነው የሚቀመጠው። መኪናው ጠዋት ነጭ ጭስ እያስነጠሰ ይንዘፈዘፋል፣ ፊውዙ ግን ምንም አልሆነም።

ፊውዝ ዘበኛ ነው እንበል። ዘበኛ የሚጮኸው ሌባ ሲገባ ነው። ካንዴሌታ ተበጠሰ ማለት ሠራተኛ ከሥራ ቀረ ማለት ነው፣ ሠራተኛ ስለቀረ ደግሞ ዘበኛ አይጮህም። ከጮኸ የሆነ ሰው አጥር ዘሏል። ወንድሜ አንተ ግን የቀረው ማን እንደሆነ ሳታጣራ ሠራተኛውን በሙሉ ቀየርክ፣ ዘበኛውን ለምን ጮኽክ ብለህ አባረርክ፣ በምትኩ ጆሮው የማይሰማ ቀጠርክ። 60 አምፔሩን አውጥቶ 100 መክተት ይሄ ነው። የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ደግሞ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ መተኛት ነው፣ ሌባው እዚያው ግቢ ውስጥ እያለ። ምሳሌዋን ብዙ ጎተትኳት፣ ግን አንድ ነገር ይቀራታል፦ ዘበኛው የተቀጠረው ለካንዴሌታው አይደለም፣ ለሽቦው ነው። የፊውዙ መጠን የሚመረጠው የሽቦውን ውፍረት ተከትሎ ነው። ፊውዙ ካልቀለጠ የሚቀልጠው ሽቦው ነው፤ ያ ሽቦ የሚያልፈው ደግሞ በናፍጣ ቱቦና በዘይት አጠገብ ነው።

ታዲያ ሌባው ማነው? ሾርት ነው፤ ከረንቱ መንገዱን ትቶ በአቋራጭ ሲሄድ ማለት ነው። አንዳንዴ ካንዴሌታው ራሱ ይሆናል፤ አያቃጥልም ያልኩት ሽቦው የተበጠሰውን ነው። ጫፉ ያብጥና ውስጡ ያለው ሽቦ ከቅርፊቱ ጋር ይነካካል፤ ያኔ ከረንቱ የማሞቂያውን ሽቦ ሳይጨርስ በቀጥታ ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ወደተያያዘው የመኪናው ብረት) ይሄዳል። ግን እኔ በብዛት የማየው ሌላ ነው። ካንዴሌታዎቹን ራስ በራስ የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት ተጣሞ ከሞተሩ ብረት ጋር ሲነካ፣ ወይም ከሪሌው (ለካንዴሌታው ከረንት ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ስዊች) የሚመጣው ወፍራም ኬብል ከአንድ ማዕዘን ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ ሲያልቅ። በተለይ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወርዶ የተገጠመ ሞተር ከሆነ መጀመሪያ እሱን ኬብል እዩ፣ ወደ ቦታው ሳይመልሱት ጎትተው አስረውት ይሆናል።

ደግሞ የትኛውን ፊውዝ ነው የምታዩት? መሪው ሥር ያለውን ሳጥን ከፍቶ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። አራት ካንዴሌታ ሲነሳ እያንዳንዱ 20 አምፔር አካባቢ ይጎትታል፣ ሲሞቅ ወደ 10 ይወርዳል። ያንን እዚያ ያለችው ትንሽ ፊውዝ አትችለውም። ዋናው ኮፈን ሥር ባትሪው አጠገብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 80 አምፔር፣ በብሎን የታሰረ። ካቢን ውስጥ ያለችው ትንሿ ሪሌውን የምታዝ ብቻ ናት። ትንሿ ከተቃጠለች ሪሌው ቀጭ አይልም። ዋናው ከተቃጠለ ሪሌው ቀጭ ይላል ግን ሙቀት የለም። ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ላይ የምትበራው የጥምዝምዝ ምልክት ደግሞ በድሮዎቹ መኪናዎች ላይ ምንም አታረጋግጥም፣ ሰዓት ቆጣሪ ናት። አራቱም ሞተው እሷ በሰዓቷ በርታ በሰዓቷ ትጠፋለች። በአንዳንድ ፎልክስዋገን ላይ እየሄደች ብልጭ ድርግም ካለች የፍሬን መብራት ስዊች ሊሆን ይችላል፣ ከካንዴሌታ ጋር ምንም አያገናኘውም።

የተቃጠለውን ፊውዝ ከመጣላችሁ በፊት ብርሃን ላይ ያዙትና እዩት። መሃሉ በኖ መስኮቱ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ፣ ከባድ ሾርት ነው፣ ቁልፉን ስትከፍቱ ወዲያው የሄደ። መሃሉ ቀስ ብሎ ቀልጦ ጠብ ካለና መስኮቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ለረጅም ሰከንድ ትንሽ በዝቶበት ነው፤ ሲሞቅ ሾርት የሚያደርግ ካንዴሌታ ጠርጥሩ። ከረንት የበዛበት ሳይሆን ብሎኑ የላላ ከሆነ ደግሞ የሚቀልጠው መሃሉ አይደለም፣ አንደኛው እግር አጠገብ ያለው ፕላስቲክ ነው። እዚያ ላይ ካንዴሌታ ብትቀይሩ፣ ሞተር ብትቀይሩ ፊውዙ ይቃጠላል። ብሎኑን አጽድታችሁ አጥብቁ፣ አለቀ።

ሾርቱን ለማግኘት መጀመሪያ ያንን ጠፍጣፋ ብረት ከሁሉም ካንዴሌታ አላቁት። ከዚያ በቴስተር ብረቱንና ማሳን ለኩ። ምንም መገናኘት የለበትም። ከተገናኘ ካንዴሌታዎቹ ነፃ ናቸው፣ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ከብረቱ ነው። ካልተገናኘ ወደ ካንዴሌታዎቹ ሂዱ። እዚህ ጋ ነው ቴስተር የሚያታልለው። ደህና ካንዴሌታ ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኦም በታች ነው፣ የርካሽ ቴስተር ገመድ ብቻውን ግማሿን ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ የተበጠሰውን በኦም ታገኙታላችሁ፣ ሾርት ያደረገውን ግን ከደህናው አትለዩትም። ያን ለመለየት የዲሲ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ ከረንት የሚለካውን) ይዛችሁ አንድ በአንድ እያያያዛችሁ መለካት ነው። ከጓደኞቹ ተለይቶ ብዙ የሚጎትት እሱ ነው።

የፊት መብራት አምፖል በፊውዙ ቦታ አስረው «ከበራ ሾርት አለ» የሚሉም አሉ። ለሌላ መስመር ጥሩ ዘዴ ነው። ለካንዴሌታ ግን ጠፍጣፋው ብረት ካልተላቀቀ አይሠራም፣ ምክንያቱም አራት ጤነኛ ካንዴሌታ አንድ ላይ ሆነው ለአምፖሉ ከሾርት አይለዩም። ደህና መኪና ላይም ቦግ ብሎ ይበራል። በዚህ ስንት ጤነኛ ኬብል ተቆርጦ ተፈልጓል!

ባትሪ በቀጥታ እየነካኩ ካንዴሌታ መሞከርም ያው ልማድ ሆኗል። ለድሮው 12 ቮልት ካንዴሌታ ችግር የለውም። አዲሶቹ ግን ከ5 እስከ 7 ቮልት ገደማ የሚሠሩ አሉ፣ ኮምፒውተሩ እየቆራረጠ ነው የሚሰጣቸው። 12 ከሰጣችሁት በሰከንዶች ውስጥ ይሄዳል፣ ከዚያ «ሞቶ አገኘሁት» ትላላችሁ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። 24 ቮልት የሆኑ ላንድክሩዘሮችም እንዳሉ አትርሱ።

እና መኪናው ቀን ላይ ሞተሩ ሞቆ እያለ ካልተነሳ ካንዴሌታውን ተዉት። እንደ 5ኤልና 1ኤችዜድ ያሉት የቶዮታ የድሮ ናፍጣ ሞተሮች በኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ያለ ካንዴሌታ ያስቸግራሉ፣ ደብረ ብርሃን ከሆናችሁማ ይብሳል፣ ቅዝቃዜው ላይ የከፍታው ስስ አየር ይጨመርበታል። ኮመንሬሎቹ (ናፍጣው በኮምፒውተር እየታዘዘ የሚረጭባቸው አዲሶቹ ሞተሮች) ግን አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጊዜ ያለ እሱም ይነሳሉ። እልኸኛ ሆኖ አየር ማስገቢያው ላይ የሞተር ማስነሻ ስፕሬይ የሚነፋ ካለ ካንዴሌታው እንዳይሞቅ ያድርግ፤ የጋለ ካንዴሌታና ስፕሬይ ሲገናኙ እሳቱ ወደ ነፋው ሰው ፊት ነው የሚመለሰው።

ጥፋተኛው ካንዴሌታ ሆኖ ከተገኘም ቶሎ ቁልፍ አትወርውሩበት። ጫፉ ያበጠ ካንዴሌታ በጉልበት ሲፈታ ይሰበራል፣ ከዚያ ቴስታታ ማውረድ ይመጣል። ሞተሩን አሙቁት፣ ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጠብቁ፣ በትንሽ በትንሹ ወዲህ ወዲያ እያላችሁ ፍቱት። ሲወጣ ጫፉን እዩ። የቀለጠ ወይም የተበላ ከሆነ እሱ በኤሌክትሪክ አልሞተም፣ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ነው ያቃጠለው፤ አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ፖምፓና ኢንጀክተር የሚሠሩ ሰዎች ጋ ውሰዱት።