የእርጥበት መምጠጫ ማሽን በመሀል አዲስ አበባ ቤቶች

የእርጥበት መምጠጫ ማሽን በክፍል አየር ውስጥ ያለውን እንፋሎት ስቦ ውሃ አድርጎ የሚያጠራቅም የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ በብርቱ የሚፈለገው በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ቀበና ባሉ የድሮ የጭቃና የድንጋይ ቤቶች ከግድግዳ የተጠጋ ቁም ሳጥን ጀርባው ይሻግታል፤ የቆዳ ጫማ አረንጓዴ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ታጥፎ የተቀመጠ ጋቢም ይሸታል።

ሻጋታ እንዳይነሳ የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ድርሻ) ከ60 በመቶ በታች ሊሆን ይገባል፤ እስከ 50 ቢወርድ ይመረጣል። ጣሪያው የሚያፈስ ወይም አሸንዳው ውሃውን ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ያለዚያ ማሽኑ ቀን ከሌት ቢሠራ ግድግዳው አይደርቅም፤ ትርፉ የመብራት ሂሳብ ነው።

በብዛት የሚገኘው ኮምፕሬሰር (እንደ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዝ ሞተር) ያለው ዓይነት ነው። ማራገቢያው አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ሲያሳልፈው እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ ወደ ማጠራቀሚያው ይንጠባጠባል። ለዚህ ዓይነት ብርድ ጠላቱ ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የክረምት ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቱቦው በረዶ መያዝ ይጀምራል፣ የሚወጣውም ውሃ ያንሳል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ፣ ቤቱ ሞቅ ሲል ማሠራቱ ያዋጣል። በሲሊካ ጄል ወይም በዚዮላይት (እርጥበት በሚስቡ ፍሬዎች) የሚመጥጠው ዓይነት ብርዱን ይችላል፤ ማሞቂያ ስላለው ግን መብራት ይበላል።

ማሽኑ ሲሠራ በርና መስኮት ይዘጋል። በዚያ ክፍል የከሰል ምድጃ ፈጽሞ አይግባ፤ የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል።

ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ አቧራው ይራገፋል፣ ማጠራቀሚያው በሳሙና ይታጠባል። ውሃው አይጠጣም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ለወለልና ለሽንት ቤት ይጠቅማል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ኮምፕሬሰሩን ያድነዋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ እዚህ 220 ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። በጎኑ ተኝቶ የመጣም ቀጥ ብሎ ለሰዓታት ሳይቆም አይሰካ። መስከረም ሲጠባ ውሃው ተደፍቶ፣ ውስጡ በደንብ ደርቆ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል።